ርካሹን ወንበር የሞከሩት ባልና ሚስት

ሶፋ ሰሪውን ሰፈሩ «ምቾት» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ከሱቁ አጠገብ የሚሠራው ጸጉር አስተካካይ ነው። ሶፋ ሰሪው ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ምቾት እኮ ቅንጦት አይደለም» እያለ ሲሰብክ በግድግዳው በኩል ሰምቶ ሰምቶ ሲሰለቸው፣ አንድ ቀን «አቶ ምቾት፣ እስቲ መዶሻህን አውሰኝ» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ታናናሾቹ «ጋሽ ምቾት» ይሉታል። ሚስቱ ግን «አንተ ሰውዬ» ነው የምትለው። ስትቆጣውም «አንተ ሰውዬ»፣ ስትወደውም «አንተ ሰውዬ»፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው እሱ ብቻ ነው።

ሥራውን የለመደው በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ የአውቶቡስ ወንበር ከሚጠግን አንድ ቁጡ ሽማግሌ ዘንድ ነበር። ሽማግሌው የተጎዳ ወንበር ሲመጣለት ጨርቁን ከመቅደዱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል። «ይሄ የሾፌሩ ነው፤ ቀኝ እግሩ ሰላም የለውም፣ ፍሬን ያበዛል» ይላል። «ይሄ ደግሞ የረዳቱ ነው፤ አንድም ቀን ተደላድሎ ተቀምጦ አያውቅም፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው ያለው።» ሶፋ ሰሪው መጀመሪያ የሽማግሌ ወሬ መስሎት ነበር። ኋላ ግን የራሱ መዳፍም እንደዚያ ማንበብ ጀመረ። ጥሩ ስፖንጅ ሰው ሲነሳለት ተመልሶ ይነሳል፣ ርካሹ ግን ይጎደጉድና እዚያው ይቀራል፤ ማን እንደተቀመጠበት፣ በየትኛው ጎኑ እንዳዘነበለ፣ ምኑን እንዳመመው ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። አርባ ዓመት ይህን ሲያነብ ኖሯል።

ስለ ርካሽ ስፖንጅ ያለው አቋም የታወቀ ነው። «ርካሹን ልስጥህ? እሰጥሃለሁ» ይላል ለደንበኛው። «ሁለት ዓመት ትቀመጥበታለህ። ከዚያ በኋላ ግን እንጨቱ ላይ ነህ፣ ጨርቅ ለብሷል እንጂ እንጨት ነው።» ስንቱ ደንበኛ በዚህ ስብከት ወደ ሌላ ሱቅ እንደሸሸ ቤት ይቁጠረው። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ሰውየው ሶፋ ነው የፈለገው፤ ስብከት መች ፈለገ?» ትለዋለች። ሽፋኑን ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ዚፑን፣ ጠርዙን፣ ማዕዘኑን። ሌላም ደንብ አለው፤ ማንም ሰው ሶፋውን ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይቀመጥበት ገንዘብ አይቀበልም። ቸኩያለሁ የሚለውን «እንግዲያው ስትረጋጋ ተመለስ» ብሎ ይሸኘዋል። ደግሞ የሚገርመው ብዙዎቹ ይመለሳሉ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ያደገችው ከተቆራረጠ ስፖንጅ ክምር ላይ ነው፤ እዚያው ተኝታ፣ እዚያው አጥንታ። ከስምንት ዓመት በፊት የትምህርት ዕድል አግኝታ ሩቅ አገር ሄደች፤ የጥርስ ሐኪም ልትሆን። ከዚያ ወዲህ በስልክ ምስል ሲያወሩ ሁለቱም እንደልባቸው መሳቅ አቁመዋል፤ ከሳቁ «እማ፣ በቀኝ በኩል ያለውን አሳዪኝ እስቲ» ትላለችና። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በእጃቸው አልነኳትም። እሷ በትርፍ ሰዓቷ ሰሃን አጥባ የቤት ኪራይ ትከፍላለች፣ እነሱ ደግሞ ያላቸውን ያጠራቅማሉ።

በዚህ ዓመት ልጅቷ ደወለችና ልትመረቅ ሰባት ሳምንት እንደቀራት ነገረቻቸው። ለእያንዳንዱ ተመራቂ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሁለት ወንበር ይሰጣል አለች። «የሁለታችሁንም ስም አስመዝግቤያለሁ። ካልተመቻችሁ ግን አትጨነቁ፣ እሺ? እረዳለሁ።»

እናትየው «ካልመጣን ለሌላ ሰው ይሰጡታል?» ብላ ጠየቀች።

«አይሰጡትም እማ። ስም ተጽፎበታል። ባዶውን ነው የሚውለው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ያቺ «ባዶውን ነው የሚውለው» ያለችው ነገር ከአባትየው ጆሮ አልወጣ አለች። አርባ ዓመት ወንበር የሠራ ሰው ለልጁ ሁለት ወንበር መሙላት ያቅተዋል?

በማግስቱ ቲኬት ቢሮ ሄደ። የተቀበለችው ቲኬት ሻጭ ፈጣንና ቀና ልጅ ነበረች፤ ሁለት መንገድ ነው ያለው አለችው። አንደኛው ውዱ ነው፤ ወንበሩ ሰፊ፣ ምግቡ በነፃ፣ መሃል ላይ ወርዶ እግር ማፍታቻ ያለው። የእሱ ዋጋ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ያጠራቀሙትን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ሁለተኛው ርካሹ አየር መንገድ ነው፤ ሳያርፍ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይበራል። በዚያው ገንዘብ ሁለት ሰው ሄዶ ይመለሳል። ቅናሹ የሚያበቃው ሰኞ ከሁለት ሳምንት ነው።

«ታዲያ ምኑን ቀንሰው ነው እንዲህ የረከሰው?» አላት፤ የሙያው ጥያቄ ነው።

«ሁሉንም ነዋ» አለች እየሳቀች። «ምግብ በገንዘብ ነው። ውሃ በገንዘብ ነው። ብርድ ልብስ በገንዘብ ነው። በእጅ ከሚያዝ ሰባት ኪሎ በላይ በገንዘብ ነው።»

«መተንፈሱስ?»

«እሱ እስካሁን በነፃ ነው።»

«እውነቱን ንገሪኝ ልጄ። ያ ሁሉ ሲደመር ርካሹ አሁንም ርካሽ ነው?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም መሰለኝ፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ስንት ነው ብሎ ነው። «እንደ ሰዉ ነው ጋሼ። ለአጭር መንገድ ማንም ይችለዋል። ለረጅሙ ግን ሳይበላ፣ ሳይበርደው፣ ሳይሸከም የሚሄድ ሰው አሁንም ያተርፋል። ሁሉን ልጨምር ካሉ ከውዱ ብዙ አይርቅም። አንድ ደግሞ አለ፤ ጎን ለጎን ለመቀመጥ ከፈለጋችሁ እሱም ክፍያ አለው።»

ሶፋ ሰሪው የሰማውን አላመነም። «ሚስቴን አጠገቤ ለማስቀመጥ ልክፈል?»

«ካልከፈሉ ሲስተሙ የፈለገበት ያስቀምጣችኋል። አንዳችሁ ፊት፣ አንዳችሁ ኋላ ልትሆኑ ትችላላችሁ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት በነፃ ነው አጠገቤ የተቀመጠችው!»

«እኔም አልስማማበትም። ዋጋውን የማወጣው ግን እኔ አይደለሁም።»

ቆሽቱ አረረ። ሊወጣ ሲል ግን ተመልሶ መጣና ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ «ከወንበር እስከ ወንበር ስንት ነው?» አላት። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ ሰባ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፣ የጎን ስፋቱም አርባ ሦስት አለችው። መዳፉ ላይ ጻፈው።

ችግሩ የእሱ መቀመጥ አልነበረም። ችግሩ የሚስቱ ዳሌ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሆቴል መጋረጃ ስትሰቅል ከመሰላል ወድቃ በቀኝ በኩል ተሰብራለች፤ ብረት ገብቶላታል። መሰላሉን የያዘው እሱ ነበር። የወደቀ መርፌ ሊያነሳላት ለአፍታ ለቀቀው፤ ያቺን አፍታ ዛሬም ድረስ ያያታል። ሐኪሙ ብዙ መቀመጥ እንደማይስማማት ነግሯታል። መኪናዋ ላይ ስትሰፋ እንኳ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስታ ሱቁን ትዞራለች።

«አንቺ በውዱ ሂጂ» አላት። «እናት ትበልጣለች።»

«አንተ ሂድ። እኔ ብቻዬን ሄጄ በማን ቋንቋ ነው የማጨበጭበው?»

«ጭብጨባ ቋንቋ አለው እንዴ?»

«እንግዲያው አንተ አጨብጭብ።»

እንዲህ እየተባባሉ አንድ ሳምንት አለፈ። አንቺ ሂጂ፣ አንተ ሂድ። ሁለቱም የሚሰጡትን የሚቀበል ጠፋ። ሁለት ወንበር እንዳለ፣ አንደኛው ባዶውን እንደሚውል፣ ልጃቸው ከመድረክ ላይ ሆና የምታየው ደግሞ ያንን ባዶውን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ።

በመጨረሻ መፍትሔው ከራሱ ደንብ መጣ። ሳይቀመጡ አይገዛም፤ ይኸው ነው። ከግቢው ጥግ ዝጎ የተቀመጠ የድሮ የአውቶቡስ ወንበር ብረት ነበረው፤ አወጣውና ጠረገው፣ ወርዱን እያንዳንዱ ወንበር አርባ ሦስት እንዲሆን አስተካከለ። ፊት ለፊቱ ሰባ አንድ ሳንቲ ሜትር ለክቶ፣ የፊተኛው ወንበር ጀርባ እንዲሆን፣ ኮምፔንሳቶ ሳንቃ አቆመ። ጸጉር አስተካካዩ በዚያ አየር መንገድ የበረረ ዘመድ አለው፤ የወንበሩን ፎቶ አስላከለት። ሶፋ ሰሪው ፎቶውን በጣቶቹ አስፍቶ አየና «ውፍረቱ አራት ሳንቲ ሜትር። ያውም የመጨረሻው ስፖንጅ። እግዜር ይይላቸው» አለ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«አውሮፕላን» አላት። «እሁድ እንሳፈራለን። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ከቻልሽው ሁለታችንም እንሄዳለን፤ ካልቻልሽው በውዱ ትሄጃለሽ፣ ክርክር የለም።»

ሚስቱ ብረቱንም፣ ኮምፔንሳቶውንም፣ ባሏንም አየች። «አብደሃል» አለችና መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሁለት አንድ ዓይነት ሽፋን ሰፋችለት።

ቅዳሜ ከሰዓት ስፖንጁን መቁረጥ ያዘ። የራሱን አራት ሳንቲ ሜትር ከርካሹ ቆርጦ፣ በልማዱ ከሥሩ በእርሳስ አንድ ሰረዝ አደረገበት፤ በእሱ ሱቅ አንድ ሰረዝ ተራ ማለት ነው፣ ሦስት ሰረዝ ምርጥ። የእሷን ሊቆርጥ ሲል ግን እጁ እምቢ አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሴት፣ ያውም በእሱ እጅ የተጎዳች፣ እንዴት አድርጎ እያወቀ መጥፎ ወንበር ይሠራላታል? ከዚያ ለታመመ ሰው አልጋ ብቻ ከሚያስቀምጠው፣ ጠንከር ካለው፣ ክብደቱ እጥፍ ከሆነው ስፖንጅ ቆረጠላት። ውፍረቱ ያው አራት ነው፤ በዓይን አይለይም። ሦስት ሰረዝ አድርጎበት ሽፋኑን አለበሰና ዚፑን ዘጋ። ሥራው የሌባ ሥራ እንደሆነ ያውቃል። ፈተናውን ራሱ አውጥቶ ራሱ መልሱን ሹክ እንደማለት ነው፤ አውሮፕላኑ ላይ ያ ስፖንጅ አይኖርም። ያን ጊዜ አንድ ዘዴ አይጠፋም ብሎ ራሱን ደለለ። ሁለቱንም በሚጣበቀው ጨርቅ ብረቱ ላይ ለጠፋቸውና ወደ ቤት ገባ።

እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሚስቱ የክት ልብሷን ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። ጸጉር አስተካካዩም የእረፍት ቀኑ ነውና በርጩማ ይዞ ከጎናቸው በመተላለፊያው በኩል ተቀመጠ።

«የእኔ የቱ ነው?» አለች።

«በመስኮቱ በኩል ያለው» አላት፤ መስኮት ሲል ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ማለቱ ነው።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ ወንበሩን በመዳፏ ጫን አደረገችው። «ሹራብህን አላመጣህም። ሰማይ ላይ እንደሚበርድ አታውቅም?» አለችው ብቻ። እሱ ሹራቡን አምጥቶ ሲመለስ ጸጉር አስተካካዩ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፣ እሷ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብላለች። ስልኩ ላይ ደወሉን ሞላና ተነሱ፤ ማለቴ በረሩ።

የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ጨዋታ ብቻ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ በየጊዜው እየተነሳ «ውሃ የሚፈልግ? በገንዘብ ነው» ይላል። የመስኮቷን ተሳፋሪ «እመቤት፣ ደመናውን በነፃ እያዩ ነው፣ ነገ ያስከፍላሉ» አላት። በሦስተኛው ሰዓት ወገቡን ይዞ «እኔ እዚህ ጋ ወርጃለሁ» አለ።

«ሰማይ ላይ እንዴት ነው የምትወርደው?» አለው ሶፋ ሰሪው።

«እናንተ ቀጥሉ። እኔ ለሠርግ ተጠርቻለሁ» ብሎ በርጩማውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሉ። በየሁለት ሰዓቱ እሷ ተነስታ እስከ በሩ ደርሳ ትመለሳለች፤ በአውሮፕላንም ይፈቀዳል ብለው ተስማምተዋል። ሶፋ ሰሪው ግን ሌላ ነገር ገርሞታል። ያ ሲረግመው የኖረው ርካሽ ስፖንጅ ምንም አላደረገውም። አምስተኛው ሰዓት አለፈ፣ ስድስተኛው ገባ፣ ወገቡም ጭኑም ደህና ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን ያለ ጥፋቱ ስሰብከው ኖሬ ይሆን እንዴ ብሎ መጨነቅ ጀመረ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ብዙ ያወሩ ይመስላል፤ የሚያወሩት ግን ስለ ዚፕ፣ ስለ ደንበኛ፣ ስለ መብራት መጥፋት ነው። ሥራ በሌለበት ጎን ለጎን መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። በስድስተኛው ሰዓት ላይ የተዋወቁበት ነገር ተነሳ። እሷ ያን ጊዜ የአክስቷን የተሰበረ ወንበር ይዛ መጥታ፣ እሱ ለሐሙስ ብሏት፣ ሐሙስ ስትመጣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ብሏት፣ እንዲህ እያለ አራት ሐሙስ አመላልሷታል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት፤ ሰማይ ላይ ናቸውና ደፈረ። «ወንበሩ በመጀመሪያው ሐሙስ አልቆ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችው። «በመስኮት አይቼዋለሁ። ጨርቅ ደርበህበት ከበሩ ኋላ ደብቀኸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔስ አራት ሐሙስ የመጣሁት ለወንበሩ ይመስልሃል?»

ሳቁ። ልጃቸው ብታያቸው ኖሮ ጥርሳቸውን ሁሉ በቆጠረች።

ከስምንተኛው ሰዓት በኋላ ሚስቱ ዝም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሰለቸሽ?» አላት። «አልሰለቸኝም። አንተ ግን ዝም አትበል፣ አውራኝ። የፈለግከውን አውራኝ» አለችውና እጁን ያዘች። እሱም ስለ ሽማግሌው፣ ስለ አውቶቡሶቹ፣ ልጃቸው በሦስት ዓመቷ ማስቲሽ ጸጉሯ ላይ አፍስሳ ጸጉር አስተካካዩ እንደላጫት አወራት። እጁን አጥብቃ ይዛዋለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ጨመቅ ታደርገዋለች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ እንደያዘችው አስቦ ሆዱ ባባ። እጅ ለእጅ ተያይዘው እንዲያ እንዳሉ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ሲሆን፣ ስልኩ ጮኸ።

«ደረስን» አለች። ኮምፔንሳቶውን ተደግፋ ቀስ ብላ ቆመች፣ ትንሽ ጠብቃ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ አደረገች። «እንዴት ነበር?» አላት። «ደህና ነኝ» አለች። «ሻይ ልጣድ» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ሶፋ ሰሪው ደስታውና ኃፍረቱ ተቀላቅለውበት ብቻውን ቆመ። ሚስቱ ቻለች፤ የቻለችው ግን እሱ ባጭበረበረው ወንበር ላይ ነው። ሊያነሳው ብሎ የራሱን መቀመጫ ከብረቱ ላይ ላጠው። በእጁ ሲመዝነው ከበደው። ገልብጦ ዚፑን ከፈተ። ሦስት ሰረዝ ነው።

የእሷን ላጠ። ከላባ ይቀላል። ሳይከፍተው ገባው፤ ግን ከፈተው። አንድ ሰረዝ።

ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣ ሽማግሌው እንዳስተማረው ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሰው። ስፖንጁ ጎድጉዶ ቀርቷል። በግራ በኩል ጉድጓዱ እስከ ሥሩ ይደርሳል፤ በቀኝ በኩል ግን ማንም ያልተቀመጠበት ይመስል እንዳለ ነው፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽዬ ክብ ምልክት አለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ በደህናው ጎኗ ላይ ተንጠልጥላ ነው የዋለችው። የደከማት ጊዜ ለአፍታ ቀኙን ታስነካዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች። እጁን ጨመቅ ያደረገችው መቼ መቼ እንደሆነ አሁን ገባው። እሱ ስለ ማስቲሹ እያወራ ይስቅ ነበር። እንባው መጣ፤ በክንዱ ጠረገው፣ እንደገና መጣ።

መቀመጫውን ይዞ ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ቆማ ነው ሻይ የምትቀዳው።

«ለውጠሽዋል» አላት።

«ሹራብ ስታመጣ ጊዜ» አለች ሳትዞር። «አንተ ነህ የጀመርከው። እኔ ስፖንጅ የማላውቅ መሰለህ? በእጄ ጫን እንዳደረግኩት ነው የለየሁት።»

«አመመሽ።»

«አዎ፣ አመመኝ።»

«ታዲያ ደህና ነኝ ለምን ትያለሽ?»

አሁን ዞረች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ዓይኗ ግን እሳት ነው። «እንደሚያመኝማ ከመቀመጤ በፊትም አውቃለሁ፣ አንተ ሰውዬ። ለእሱ ፈተና አያስፈልገውም። ማወቅ የፈለግኩት እያመመኝ መድረስ እችል እንደሆነ ነበር። ቻልኩ። አንተ ምርጡን አስቀምጠህልኝ ቢሆን ግን አላውቅም ነበር፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቼ ልጄ ጋ እደርስ ይሆን አልደርስ ይሆን እያልኩ በፍርሃት አልቅ ነበር። አሁን አልፈራም።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «በሰፊው ወንበር ተንደላቅቄ ሄጄ፣ አዳራሹ ውስጥ ከጎኔ ስምህ የተጻፈበት ባዶ ወንበር ይዤ ልቀመጥ? ያኛው ነው የማልችለው።»

ስለ መሰላሉ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ «እንዳትጀምር» አለችው። ያም ሳይነገር ቀረ፤ ሰምታዋለች ግን።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሱቁ ውስጥ ነበር። ያን የጎደጎደ ስፖንጅ ፊቱ አስቀምጦ፣ በሜትርና በጣቱ እየለካ፣ ከምርጡ ስፖንጅ አውሮፕላኑ ወንበር ላይ የሚነጠፍ ስስ መቀመጫ ይቆርጣል። በግራ በኩል ሙሉ፣ በቀኝ በኩል ያቺ ትንሽ ክብ ምልክት ባለችበት ልክ ክፍት። አጥንቷ የትም እንዳይነካ። ሐኪሙም፣ አየር መንገዱም፣ እሱ ራሱም ይህን ልክ አያውቁትም ነበር፤ የነገረው ያ የሚረግመው ርካሽ ስፖንጅ ነው። ሲጠቀለል ከሹራብ አይበልጥም። ሚስቱ መጥታ ሳትጠየቅ ሽፋን ሰፋችለት፤ እስቲ ሞክሪው ብሎ ሊያስቀምጣት ሲል «ኋላ» አለችው።

ቅናሹ የሚያበቃው ያን ዕለት ነበር። ቲኬት ቢሮው እንደተከፈተ ሁለቱም ደረሱ። ቲኬት ሻጯ ለእናትየው ወንበር ሳበችላት።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ትናንት በደንብ ተቀምጫለሁ» አለቻት፤ ቆማ ቀረች። ልጅቷ አልገባትም፤ ሶፋ ሰሪው ግን መሬት መሬት አየ።

«ርካሹን ነው» አላት። «ሁለት።»

ልጅቷ መጻፍ ጀመረች። «ምግብ ይጨመር?»

«እንቁላል እንቀቅላለን።»

«ውሃ?»

«ከመግባታችን በፊት እንጠጣለን።»

«ብርድ ልብስ?»

«ሹራብ አለን።»

«ተጨማሪ ሻንጣ?»

«ምን ልንሸከም? ሰባት ኪሎው ይበቃናል።»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ የባለፈውን አስታውሳ አራተኛውን «አይ» ጻፈችና የመጨረሻውን ጥያቄ ሳትጠይቅ ልታልፈው ገጹን ገለጠች።

«አንዱን ረሳሽው» አላት ሶፋ ሰሪው።

«የትኛውን ጋሼ?»

ሚስቱን አላያትም። የኪሱን ገንዘብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መዳፉንም በላዩ ላይ ጫን አደረገ።

«ጎን ለጎኑን» አላት። «ሲሄድም ሲመለስም። እሷን በግራዬ አድርጊልኝ፤ እጄን በቀኟ ነው የምትይዘው።»